ግማሽ ክንድ የተጠጋው ጠረጴዛ

ማስታወቂያ። ለልጅ ልጃችን፣ ለባለቤቷ፣ ለልጆቿ፣ ለድመቷና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፦ በሳሎናችን መስኮት ሥር ለዘመናት ቆሞ የኖረው የኮምፒውተር ጠረጴዛ ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ በአያትሽ ቀጥተኛ ትእዛዝና በእኔ ወገብ አማካይነት፣ ግማሽ ክንድ ያህል ወደ ግድግዳው የተጠጋ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። በሥነ ሥርዓቱ ላይ በአንድ የአበባ ማስቀመጫና በትንሿ ጣቴ ላይ ጉዳት ደርሷል። የአበባ ማስቀመጫው ተጠግኗል።

አሁን እንደ ሰው ሰላም ልበልሽ። እንዴት ነሽ የእኔ ጉድ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ከወንበሩ ጋር ተጋብቶ ቀረ ወይስ አንዳንዴ ትነሺያለሽ? ያ ቁመቱ ከበር ጋር የማይስማማው ባልሽ ደህና ነው? ግንባሩ ላይ ያለው እብጠት ጠፋለት? የትልቋ ልጅሽ የፊት ጥርስ በቀለ ወይስ አሁንም «ስ»ን ስትናገር ፉጨት ነው የሚወጣው? ትንሹስ ያስተኛችኋል? እኛ በጣም ደህና ነን። የአያትሽ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ይሰንፋል እንጂ ለቁጣ ሲሆን ይነሳል። ጆሮዋ እንደምታውቂው ነው። የእኔ ጆሮ ግን እንደ ጥንቸል ነው፤ ችግሩ በዚህ ቤት የሚሰማ ቁም ነገር መጥፋቱ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ጨዋታችንን ላስታውስሽ። ትንሽ ሳለሽ ከምነግርሽ ወሬ መሀል አንዲት ውሸት እሸጉጥና «የቷ ናት?» እልሽ ነበር። አንቺም ጉንጭሽን ነፍተሽ ስታስቢ ቆይተሽ እውነቷን ይዘሽ ውሸት ናት ትይ ነበር። በዚህ ደብዳቤም አንዲት አለች። አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻልና አውጫት፤ ካቃተሽ መጨረሻው ላይ ራሴ እነግርሻለሁ።

ባለፈው እሑድ ፊትሽን አየን፣ ደስ አለን፣ ተሰነባበትን። አንቺ የምታውቂው ይህን መጨረሻውን ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ቤት የሆነውን ግን በስልክ ቆራርጬ ነው የነገርኩሽ፤ ስልክ ላይ ስሆን አያትሽ ከንፈሬን እያየች «ይሄን አትንገራት» ትለኛለች። አሁን ግን ገበያ ሄዳለች።

አያትሽ ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ ሰው የምትሰማው በዓይኗ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከንፈር ታነባለች። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሴቶች ሲያሟት መስኮት ላይ ቆማ አንብባ፣ ወጥታ መልስ ሰጥታ የተመለሰች ሰው ናት። በስልክ መስታወት ላይ ግን ከንፈርሽ የስንዴ ፍሬ አያክልም፤ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ አንቺን የምትሰማበት አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ እሱም ያ መስታወቱ የሰፋ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የአያትሽ ጆሮ ነው ማለት ነው።

ያ ጆሮ ታመመ። መጀመሪያ በተከፈተ ቁጥር «ለዚህ ሥርዓት የሚደረገው ድጋፍ አብቅቷል» የሚል ማሳሰቢያ ያወጣ ጀመር። የማይከፈል ዕዳ መስሎኝ ዝም አልኩት። ቀጥሎ ምስልሽ ይቆራረጥ ጀመር። አንድ ነገር ልትናገሪ አፍሽን ትከፍቺና እንደተከፈተ ትደርቂያለሽ። ለእኔ ድምፅሽ ይመጣል፤ ለእሷ የደረቀ አፍ ምን ይነግራታል? «ምን አለች?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ማሳጠር እወዳለሁ። አንቺ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አለቃሽ፣ ስለ አዲሱ ምንጣፍ ስትተርኪ ቆይተሽ እኔ «ደህና ነኝ አለች» ብዬ ዞር እላለሁ። አንድ ቀን ክንዴን ያዘችኝና «ይሄን ሁሉ ስትናገር ቆይታ ደህና ነኝ ብቻ? ሌላውን የት አደረስከው? በላኸው?» አለችኝ።

በመጨረሻ የምንነጋገርበት ፕሮግራም ጭራሹን በአሮጌው ሥርዓት ላይ አልሠራም ብሎ ዘጋ። አያትሽ ግን እሑድ ሰዓቱ ሲደርስ ሻሿን አስተካክላ ያ ጥቁር መስታወት ፊት ትቀመጣለች። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ስላት «ድንገት ከመጣች» ትለኛለች። እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ከጓዳ ሆኜ እስቅባት ነበር።

ኋላ ኮምፒውተሩን አቅፌ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። የዚህን ሰው ስም የሚያውቅ የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «አይነሳም» ነው የሚለው፣ ምን ብትወስጂለት መጀመሪያ የሚናገረው ያንኑ ስለሆነ። ሬዲዮ፣ አይነሳም። ካውያ፣ አይነሳም። ሚስቱም ጠዋት ጠዋት ስለ እሱ የምትናገረው ይህንኑ ነው ይባላል። ኮምፒውተሩን ከላይ ሆኖ አየት አደረገና «ፋዘር፣ ይሄ አበቃለት። አዲስ ግዛ» አለኝ። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ ከተቀመጥኩበት የማልነሳው እኔ ልሆን ምንም አልቀረኝም።

ያኔ ነው አንቺ በስልክ «አባባ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ያረጀው ላዩ ላይ ያለው ሥርዓት ነው። ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት እናድርግበት። ነፃ ነው፤ ለአሮጌ ማሽን የሚቀልም አለው። የሚስማማህን ስርጭት ምረጥ» ያልሽኝ። እኔ የማውቀው ስርጭት የሬዲዮ ነው። «የጠዋቱን ነው የማታውን?» ብዬ ጠየቅኩሽ፤ የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ቤቱ ውስጥ አለ። ከዚያ ስታስረጂኝ ገባኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ የነበርኩ ሰው ነኝ። አንዱን መጽሐፍ አንዱ ማተሚያ ቤት በወፍራም ሽፋንና በወርቅ ቀለም ያወጣዋል፤ ሌላው በስስ ወረቀት ያወጣዋል፤ ውስጡ ያው ነው። ሊኑክስም ውስጡ አንድ፣ አወጣጡ ብዙ ነው ማለት ነው። ይህን ስልሽ «አባባ፣ እኔ እንኳ እንዲህ አሳምሬ አላስረዳም» አልሽ። ይህን በጽሑፍ እንድትልኪልኝ እፈልጋለሁ፤ ለአያትሽ አሳይበታለሁ።

አይነሳም፣ አንቺ ሞክር ያልሽኝን ሦስት ስርጭት አውርዶ በሦስት ፍላሽ አደረገልኝ። «አይነሳም እንጂ!» እያለ ነው ያደረገልኝ፣ ግን አደረገልኝ።

የመጀመሪያውን ስሰካው ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ተደርድሮ መጣ። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ፈገግታ የለ፤ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። መነኩሴው አልኩት። ለካ አይነሳም ተሳስቶ ለመሥሪያ ቤት ማሽኖች የሚሆነውን፣ «ሰርቨር» ለሚሏቸው የተሠራውን አውርዶልኝ ኖሯል! ስነግርሽ «አባባ፣ እሱ እኮ ከእኔ ጋር የሚሠራው ነው! ፊት አያስፈልገውም፤ ማንም ሳያየው ጥግ ተቀምጦ ሌት ተቀን ይሠራል» አልሽኝ። እንግዲህ የሥራ ባልደረባሽን በዓይኔ አይቻለሁ። ቁም ነገረኛ ይመስላል። ቤት ጋብዘሽ የምታጫውቺው ግን አይደለም።

ለሁለተኛው በስልኬ የላክሽልኝ መልእክት ይኸው፣ እስካሁን አልጠፋም፦ «አባባ፣ መጫን የለብህም። ዝም ብለህ ሞክረው።»

አሁን ፍረጂ። «መጫን» ላላ ብሎ ሲነበብ ጭነት አህያ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ አንቺም ሥርዓቱን ማሽኑ ላይ ገና አታስቀምጠው፣ ከፍላሹ ላይ እንዳለ ሞክረው ማለትሽ ነበር። ጠበቅ ብሎ ሲነበብ ግን በጣት ቁልፍ መንካት ነው። ፊደሉ ያው ነው! ያን ሁሉ ዘመን ከእርሳስ ፊደል ሣጥን ስለቅም ያላገኘሁት ነገር የለም፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚለይ ምልክት ግን አልነበረንም፣ ዛሬም የለንም። እኔ አጥብቄ አነበብኩት። የልጅ ልጄ አንድም ቁልፍ እንዳትነካ ብላኛለች አልኩ።

ፍላሹን ሰካሁ። ማብሪያዋን ብቻ ነካሁ፤ ያቺ እንኳ የግድ ናት ብዬ ነው። ከዚያ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ ተቀመጥኩ። የምርጫ ዝርዝር መጣ፤ አልነካሁም። ጥቂት ቆየና ራሱ ገባ! ቀለሙ፣ ሥዕሉ፣ ተራራው ፏ አለ። እንዲህ ያለ ታዛዥ አይቼ አላውቅም ብዬ ተደነቅኩ። የቀረውንም እስኪያደርገው እጄን እንዳነሳሁ ስጠብቅ አያትሽ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ማረከህ?»

«የልጅ ልጅሽ እንዳትጫን ብላኛለች» አልኳት።

ከንፈሬን አየችና «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዳትጫነኝ ስልህ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ደወልኩልሽ፤ አንቺ በሳቅ ስታልቂ እኔ እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ። ለአያትሽ ነገሩን ሳስረዳት ራሷን ነቀነቀችና ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ከንፈሯን ባይ ኖሮ ማላላቷንና ማጥበቋን እነግርህ ነበር። ጽሑፍ ከንፈር የለውም።» አሾፈች ብዬ ነበር። ዓይኗን ሳየው ግን ማሾፍ አልነበረም።

ከዚያ ፈተና አዘጋጀን፤ ፈታኟ እሷ ናት። የዜና አንባቢ የምታወራበትን ቪዲዮ ከፈትን፣ ድምፁን ዘጋን፣ አያትሽ መነጽሯን አድርጋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ያ ሁለተኛው፣ ባለ ተራራው፣ መልኩ ሙሽራ ነው። መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እንኳ እየተሽኮረመመ ነው። ነገር ግን ለዚህ አሮጌ ማሽን ያ ሁሉ ጌጥ ከብዶት ኖሮ ዜና አንባቢዋ ገና ሰላምታ ስትሰጥ አፏን እንደከፈተች ደረቀች። አያትሽ ትንሽ ጠበቀቻት። «ይቺም አፏን ከፍታ ቀረች። አውጣልኝ» አለች። እኔ ለተራራው ሥዕል ስል አንድ ዕድል እንስጠው ብል «ተራራ አያናግረኝም» ብላ ተነሳች።

ሦስተኛው ለዓይን የሚሆን ምንም የለውም። ግራጫ ነው። ታች አንድ መስመር፣ ጥግ ላይ አንድ ሰዓት፣ አለቀ። ምስኪኑ አልኩት። ቪዲዮውን ከፈትንበት። ዜና አንባቢዋ ተናገረች፤ አፏ እንደ ውሃ ሄደ። አያትሽ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። ከንፈሯ ከሴትዮዋ ከንፈር ጋር ይንቀሳቀስ ጀመር። ከዚያ ጮክ ብላ «ነገ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ፤ ልብስ ውጭ አታስጡ ትላለች» አለች። ቶሎ ብዬ ድምፁን ከፈትኩ። እውነትም ዝናብ ነው! ስለ ልብሱ የጨመረችው ግን አያትሽ ናት፤ ነገሩ ለእኔ መሆኑ ነው።

«ይሄን ነው መጫን» አለችኝ። አላልታ ነው ያለችው፤ አልተሳሳትኩም።

ፎቶዎቹንና ያለንን ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ዲስክ አስገልብጥ ባልሽው መሠረት አይነሳም መጥቶ ገልብጦልናል። ቢሆንም «ዲስኩን ሰርዝና ጫን» የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴ አልሄድ አለ። ፊደል ለቃሚ «ሰርዝ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚፈራው አታውቂም፤ ቀኑን ሙሉ የለቀምነውን ገጽ አንድ ሰው መጥቶ ሰርዝ ሲል ሰማይ ይደፋብናል። ደግሞ አያትሽ ከኋላዬ ቆማ፣ እንደ ወትሮዋ ሳትጮህ፣ በቀስታ «ባይነሳስ?» አለችኝ።  እስከዚያ ሰዓት ቢያንስ የታመመ ጆሮ ነበራት። ይህን ሰርዤ ያኛው እንቢ ቢል ግን ምንም አይኖራትም፤ አንቺም ለእሷ በእኔ በኩል የምትመጪ «ደህና ነኝ አለች» ብቻ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ጣቴን አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና ጨለመ። ጥቁር ገጽ፣ ከታች አንድ መስመር የባዕድ አገር ፊደል። ጠበቅን። ያው ነው። አንቺ ጋ ደወልኩ፤ ከመነኩሴው ጋር ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ አታነሺም። አይነሳም ጋ ደወልኩ። «ፋዘር፣ ምን ብዬህ ነበር?» አለኝ። በሕይወቴ ሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ዘጋሁ።

አያትሽን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። እሷ ግን የአቧራ ጨርቋን ይዛ መስታወቱን ትመለከታለች፤ ሰው እንደምታይ አድርጋ ነው የምታየው። «ይሄ የሞተ ፊት አይደለም። የሚጠብቅ ፊት ነው» አለች። ቀጥላ «ይሄስ እዚህ ምን ተሰክቷል?» ብላ ፍላሹን መዥረጥ አድርጋ አወጣችና ጠረጴዛውን ትወለውል ጀመር። በጨርቁ ይሁን በጣቷ አላየሁም፤ ብቻ ትልቁ ቁልፍ ቋ ሲል ሰማሁ። መስታወቱ ብልጭ አለ። ምስኪኑ ግራጫ ልብሱን ለብሶ፣ ሰዓቱን ጥግ ላይ ሰቅሎ ተነሳ! አንቺ ኋላ ስትደውዪ ያ የባዕድ መስመር «ፍላሹን አውጣና ቁልፉን ተጫን» ነው የሚለው አልሽኝ። ይኸው ያ መጫን፤ ይሄኛው ጠብቆ ነው። አያትሽ ቋንቋውን አታውቀው፣ ታዲያ ከማን ከንፈር አነበበችው? እስካሁን አልነግርህም ብላለች።

እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ዕለት አወቅኩ። ሶፋው ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም ብዬ ማንም አልተቆጣኝም።

እሑድ መጣ። ደወልሽ፤ ፊትሽ መስታወቱን ሞልቶ ቁጭ አለ። ከንፈርሽ ተንቀሳቀሰ፣ አልተቆራረጠም። ድምፅ ግን የለም! እኔ በድንጋጤ ቁልፍ ልፈልግ ስንደፋደፍ አያትሽ ዓይኗን ካንቺ ሳትነቅል እጄን መታ አደረገችኝና «ዝም በል፤ እየሰማሁ ነው» አለችኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። አንቺ ታወሪያለሽ፣ እሷ ትመልሳለች። ትስቂያለሽ፣ ትስቃለች። ጥንቸሉ ጆሮ ያለኝ ሰውዬ እንደ ግንድ ተቀምጬ ተራ በተራ አያችኋለሁ። «ምን አለች?» አልኳት። በእጇ ዞር በል አለችኝ። አንድ ጊዜ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለሽ፣ ወደ ኋላሽ ገልመጥ ብለሽ፣ ቀስ አድርገሽ አንድ ነገር ነገርሻት። አያትሽ አፏን በእጇ ሸፈነች። ጉንጯ እንደ ልጃገረድ ቀላ። «ምን አለች? በናትሽ ምን አለች?» ብል ዘወር ብላ ምን እንዳለችኝ ትገምቻለሽ?

«ደህና ነኝ አለች።»

ይሄን ሁሉ ዘመን ያሳጠርኩትን በአንድ ቀን ከነወለዱ ከፈለችኝ። ድምፁ ተዘግቶ እንደነበር ያወቅኩት አንቺ ከተሰናበትሽ በኋላ ነው። አሁን ልክፈተው ስላት «ለምን? ይበቃናል» ትለኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ዜማው ከየትም አይገጥምም፣ ግን ታንጎራጉራለች። ጠዋት የምስኪኑን መስታወት ከእኔ መነጽር በፊት ትወለውለዋለች። ሰኞ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ከንፈርሽን ያጠፋብኛል ብላ፣ ከላይ ያስታወቅኩሽን ታላቅ ሥነ ሥርዓት አዘዘች። እውነቷን ነው፣ ብርሃኑ ይወድቅበታል። ብቻ ጠረጴዛው ግድግዳው ጥግ ከገባ ወዲህ ከፊቱ የሚቆመው ወንበር አንድ ብቻ ሆኗል። ይህ በአጋጣሚ ነው ትላለች።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ በር ሲደርስ ዝቅ ይበል። ትልቋን ጥርስ ኖራትም አልኖራትም ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። ትንሹን እግሩን ሳሚልኝና ሌሊት የሚያለቅሰውን ቀን ቀን እንዲያደርገው አባባ ብሏል በይው። ድመቷ ሰላምታ አያስፈልጋትም፤ እሷ ራሷን ሰላም ትላለች። አያትሽ ሳትጠየቅ ሁሉንም ስማለች፣ ስለዚህ እኔ ወክያታለሁ። አይነሳም ምስኪኑን መጥቶ አየው፤ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ «ይነሳል እንዴ!» ብሎ ሄደ፤ ይህንን እንደ ሰላምታ ተቀበይው። ይህን ደብዳቤም በምስኪኑ ላይ በሁለት ጣት ለቅሜ ነው የጻፍኩልሽ። ያገለገለ እጅ አይረሳም ልል ነበር፣ ግን «ቀ»ን ፍለጋ ግማሽ ጠዋት አልቋል።

ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ፣ አያትሽ ገበያ ሄዳ ወንበሩን ባዋሰችኝ ሰዓት
ረቡዕ ረፋድ

ውሸቷን አገኘሻት? እጄን አንስቼ መቀመጤ ናት ብለሽ እንደሆነ ተሸንፈሻል፤ እሱ እውነት ነው፣ የዓይን ምስክርም አለው። ውሸቷ ጋዜጣ ይዤ ከጓዳ ሆኜ እስቅባት ነበር ያልኩሽ ናት። ጋዜጣ አልያዝኩም፣ ጓዳም አልነበርኩም፣ አልሳቅኩምም። በየእሑዱ ያ ጥቁር መስታወት ፊት የነበረው ወንበር ሁለት ነው። ስለዚህ እሑድ ስትመጪ፣ ድምፅ ሳታሰሚ፣ በከንፈርሽ ብቻ፣ ጠረጴዛውን ግማሽ ክንድ ወደዚህ ታውጣው በያት።